በእትዬ በኩል

ሥራሽ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ «በር» ብዬ እመልሳለሁ። ሰው በኢንተርኔት ወደ አንድ አገልግሎት ሲገባ መጀመሪያ የሚያጋጥመውን ገጽ፣ ኢሜይልዎን ይጻፉ፣ ፓስወርድዎን ይጻፉ የሚለውን ነዝናዛ ገጽ ከሚሠሩት ሰዎች አንዷ ነኝ። ቸርች የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁና «እና ከገቡ በኋላ ያለውን ማነው የሚሠራው?» ይሉኛል። ሌሎች ናቸው እላለሁ። ያን ጊዜ ያዝኑልኛል።

ቢሯችን ዴንቨር መሃል ነው፤ ትንሽ ነው። የምናዘጋጀውን አገልግሎት የሚጋሩት አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን የሚልኩ ድርጅቶች ናቸው። ሠራተኛዋ ጠዋት አዛውንቱ ቤት ስትደርስ ስልኳን አውጥታ «ደርሻለሁ» ትላለች፤ ስትወጣ «ወጥቻለሁ» ትላለች። አገልግሎቱ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ መግቢያ ገጽና የራሱ ፓስወርድ ነበረው። ለአንድ ድርጅት ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የእኛ ሰው ግን ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው፣ ቅዳሜ ደግሞ ለሦስተኛው ነው የሚሠራው። ስለዚህ የአንዱን ፓስወርድ ይዞ የሌላውን በር ሲያንኳኳ ይቆይና ሲዘጋበት ወደ እኛ ይደውላል። ስልካችን በእነዚህ ሰዎች ጩኸት ሲሰለች አለቃዬ «ይህን እናቅልለው» አለ።

አለቃዬ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመጣ፣ በረዶ ቢጥልም ከብስክሌቱ የማይወርድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የእሱ ነበር። ለሁሉም አንድ ገጽ ይኑር፤ ገጹ ላይ የድርጅቶቹ ስም ይደርደር፤ ሰው የራሱን መርጦ ይግባ። እኔ መጀመሪያ ሰዎቹን ልይ አልኩ። ልጅ ሆኜ «ለምን» ማለት ስለማበዛ አባቴ «የለምን ሚኒስትር» ይለኝ ነበር። ሹመቱ እስካሁን አልተነሣብኝም።

ላፕቶፔን ይዤ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ወዳለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ከለስላሳው ፍሪጅ አጠገብ ወንበር ሰጠኝ። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ በርበሬም ምስርም ሊገዙ ጎራ ይላሉ፤ እኔም አንድ በአንድ እየያዝኩ እጠይቃለሁ።

«ለየትኛው ድርጅት ነው የምትሠሪው?»

«ለቀይ ፀጉሯ ሴትዮ።»

«ስሙስ?»

«የሷ ነዋ!»

ሌላዋ «ለእንግልውድ ሰፈሩ» አለች። ሦስተኛዋ «ከጎማ መሸጫው ጎን ያለው» አለች። የድርጅቶቹን ስም ደርድሬ ሳሳያቸው ዓይናቸው ከላይ ታች ይንከራተታል። አልፈርድባቸውም። ሁሉም ተስፋ፣ ቤት፣ እጅና እንክብካቤ የሚሉ ቃላትን እያቀያየሩ የተሰየሙ ናቸው። እኔ ራሴ የምሠራበት ሆኜ አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

እትዬ የምንላቸውን ሴትዮ እዚያ ፍሪጅ አጠገብ አስቀምጬ ገጹን ያስሞከርኳቸው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ቸርች ውስጥ ከሰላምታ በቀር ብዙም አንቀራረብም ነበር። ኤርትራዊት ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ ተምረው እዚያው የአንደኛ ደረጃ ልጆች ያስተምሩ ነበር። አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ሲገሥጹም ሲያቆላምጡም ግን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እንግልውድ አንድ ሽማግሌ ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌው ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ብዙ ነገር የተረሳቸው፣ ከሰው ሁሉ መርጠው ከእትዬ እጅ ብቻ የሚበሉ ናቸው።

«ይኸውልሽ፣» አሉኝ፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ «እኔ እዚህ ፓስወርድ ስል ኦትሜሉ፣ የአጃው ገንፎ፣ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ደግሞ ሽማግሌው አይበሉም። ከቻልሽ ይህን ነገር አሳጥሪልኝ።»

ላሳጥርላቸው ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅኩ፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ድርደራው አይሠራም፣ ሰው የድርጅቱን ስም አያውቅም አልኳቸው። አለቃዬ ትንሽ አሰበና «ታዲያ በቃላቸው የሚያውቁት ምንድን ነው?» አለ። ጥያቄው ደስ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያገኘኋቸው ሁሉ፣ ፓስወርዳቸውን የረሱትም ጭምር፣ አንድ ነገር ሳያመነቱ ይነግሩኝ ነበር። ኢሜይላቸውን ነው። እንግዲያው ሰው ኢሜይሉን ብቻ ይጻፍ፤ የት የት እንደተመዘገበ ሲስተሙ ራሱ ይፈልግ፤ ፓስወርድ የሚባል ነገር ቀርቶ ስድስት አሃዝ ያለው ኮድ በኢሜይሉ ይድረሰው፤ ከገባ በኋላ የሚሠራባቸው ድርጅቶች ይታዩትና የዛሬውን ይንካ። አንድ ኢሜይል አንድ ሰው ነው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው እንኳን አልነበረም፤ ግልጽ መስሎን ነበር።

ገጹ ሥራ ላይ ሲውል ስልካችን ጸጥ አለ። ኬክ ተቆረሰ። አለቃዬ ኬኩ ላይ የበር ሥዕል አሠርቶበት ነበር፤ እኔ እጀታውን በላሁ።

ጸጥታ ግን ለእኔ አይስማማኝም። ሰው አልጮኸም ማለት ተመቸው ማለት ነው ወይስ ሰለቸው ማለት ነው? የኮድ አላላኩን መዝገብ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። የሰው ስም አይታየኝም፤ ኮድ የትኛው ኢሜይል ላይ እንደተላከና ከየትኛው አካባቢ እንደተጠየቀ ብቻ ነው የማየው። አብዛኛው እንደጠበቅነው ነበር። አንዱ ኢሜይል ግን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጠዋት ከእንግልውድ ኮድ ይጠየቅበታል። ጥቂት ቆይቶ ኦሮራ ካለው ከቻምበርስ ሮድ አካባቢ ሌላ ኮድ ይጠየቅበታል። አንዳንዴ ደግሞ ከዚያው አካባቢ ሌላ ይጨመርበታል። የእንግልውዱ ኮድ እንደተላከ ወዲያው ይገባል። የቻምበርስ ሮዱ ግን ይዘገያል፤ ኮዱ ኢሜይሉ ውስጥ ደርሶ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይገባል። አንዳንድ ቀን በአንድ አሃዝ ተሳስቶ እንደገና ይጠየቃል። ኮዱ በእግሩ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ይህን እያየሁ ምሳዬን ረሳሁ። ማነው ይህ ሰው? ለምን እንግልውድ ሲሆን ፈጣን፣ ኦሮራ ሲሆን ዘገምተኛ ይሆናል? አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ አሳየሁት። ማያ ገጹን አንድ ጊዜ አየና «ይቺ ሴት ሥራዋን ለሌላ ሰው አስተላልፋለች፤ ሁለት ቦታ እየሠራሁ ነው እያለች ታታልላለች» አለ። ይህ ልጅ ሁሉም ነገር ማታለል ይመስለዋል። የሚያታልል ሰው በየቀኑ በዚያው ሰዓት በዚያው በር አይመጣም አልኩት። ሳቀብኝ።

ነገሩ ግን ለእሱ ያደላ መሰለ። አገልግሎታችን አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤት ውስጥ እንዳለች ሲመዘገብ ለድርጅቶቹ በራሱ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ድሮ እያንዳንዱ ድርጅት በየበሩ ለብቻው ስለነበር ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ያለውን አያይም ነበር፤ በሩን አንድ ስናደርገው አየ። በሳምንቱ መጨረሻ ገደማ ከእንግልውዱ ድርጅት መልእክት መጣ። ይህ ኢሜይል ያላት ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ሁለት ቤት ናት፤ የእናንተ ስሕተት ነው ወይስ የእሷ? ባልደረባዬ እኔን ሳይጠይቅ «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው» ብሎ መለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተር ሁለቱንም ነው።

እሑድ ቸርች ሄድኩ። ከስብከቱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። እትዬ ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ሁልጊዜ ሰው የሚከባቸው ሴት ናቸውና ገረመኝ።

«እትዬ፣ ምነው? ደህና አይደሉም?»

«ደህና ነኝ ጓለይ። ብቻ ከሥራ አቁመውኛል።»

«ምን አጥፍተው?»

«ሁለት ቦታ ነሽ አሉኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግልውድም ነሽ፣ ቻምበርስ ሮድም ነሽ፣ በአንድ ሰዓት። ኤክስፕሌን አድርጊ አለችኝ የድርጅቱ ልጅ። ምኑን ኤክስፕሌን ላድርግ? በአንዴ ሁለት ቦታ የሚገኘው ጌታ ብቻ ነው፣ እኔ አይደለሁም አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ጻፈችው።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ሽማግሌው ጋ ሌላ ሴት ተልካለች። ሴት ልጃቸው ለእትዬ ደውላ ነበር፤ አባቴ አፌን አልከፍትም ብለዋል፣ ውሃ እንኳን በግድ ነው አለቻቸው። ይህ ነገር እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ነርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ ላስገባቸው ነው ብላለች፤ ሌላ ምርጫ የለኝም ብላ አለቀሰች።

«ከዚያ ቤት ካወጧቸው አይቆዩም፣» አሉ እትዬ። «መስኮቱን እኮ ነው የሚያውቁት። ስሜን ረስተውታል፤ መስኮቱን ግን ያውቁታል።»

የማውቀውን ሁሉ ረስቼ እያዘንኩላቸው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አቤት... አዎ መጥቷል፣ ያዢ። አራት... ዜሮ... ዘጠኝ... ሰማሽ? ዘጠኝ ነው... ሁለት... ሁለት... ሰባት። በይ ድገሚልኝ።» ያዳምጣሉ፣ ጣታቸው ማያ ገጹ ላይ ከቁጥር ቁጥር ይሄዳል። «ልክ ነሽ። የልጅሽ ትኩሳት ወረደለት? ... ተመስገን። ሹራብ አልብሽው፤ ዛሬ ነፋስ ነው።»

እጄ ላይ የነበረው የወረቀት ኩባያ ዘንበል አለና ሻዩ ጣቴን አቃጠለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳየው የከረምኩት ነገር ፊቴ ተቀምጧል። ቻምበርስ ሮድ ላይ ኮዱ የሚዘገየው አንዲት ሴት እያነበበች፣ ሌላዋ እየደገመች፣ መሃል ላይ የልጅ ትኩሳት እየተጠየቀ ስለሚሄድ ነው።

«እትዬ፣ ማነች የደወለችው?»

«ጎረቤቴ ናት። እኛው አፓርትመንት ቅርብ ጊዜ የመጡ ሁለት እናቶች አሉ። እዚያው ሰፈራችን ሥራ አፕላይ ሲያደርጉ ኢሜይል አምጡ ተባሉ። ኢሜይል የላቸውም፤ የኔን ጻፉ አልኳቸው። ለኔ ከመጣ ለእናንተ መጣ ማለት ነው አልኳቸው።»

ይህን ሲሉ የአባቴ ኮት ትዝ አለኝ። አባቴ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን ነበረው፤ ሰፈራችን ውስጥ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ደብዳቤ ሁሉ፣ ከቤይሩትም ከጂዳም የሚላከው፣ ፖስታው ላይ የአባቴ ስምና «በኩል» የሚል ቃል ተጽፎበት በኮቱ ኪስ ይመጣ ነበር። አባቴ ራት ሳይበላ እኔን ይዞ በየቤቱ ያዞረዋል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ቆሞ ያነብላቸዋል። አድራሻ ያለው ሰው ለሌለው ያካፍል ነበር፤ ማንም ይህን እንደ ውለታ አይቆጥረውም። በዚያ ቤት ያደግኩ እኔ፣ አንድ ኢሜይል አንድ ሰው ነው ሲባል ለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴም ገረመኝ።

ለእትዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ሲስተሙ የእርስዎን ኢሜይል ሲያይ ሦስታችሁንም አንድ ሴት አድርጓችኋል፣ ስለዚህ ነው ሁለት ቦታ የሆኑት አልኳቸው። ኮዱን ማንበባቸው ከሥራ እንዳሳገዳቸው እስከዚያች ደቂቃ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«እነሱስ ምን ይሆናሉ?»

«ማንም ምንም አይሆንም።»

«ታውቂያለሽ ወይስ ትመኛለሽ?» የአስተማሪነታቸው ነገር እዚህ ላይ መጣ።

«እመኛለሁ።»

«እንግዲያው እስክታውቂ ድረስ ስለነሱ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ያስጠጋሁትን ሰው አሳልፌ ከምሰጥ ሽማግሌው ይቅሩብኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በጣም እንደሚወዷቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈራሁም። ዓርብ ሩቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የአገልግሎቱን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እኛው የጻፍነው ነው፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር። ፓስወርድዎን ለሌላ ሰው አይስጡ ይላል። ደግሜ ፈለግኩ፤ ኢሜይልዎን ለጎረቤት አያካፍሉ የሚል የለም። እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል ብሎ ያሰበ ሰው ስለሌለ ነዋ።

ሰኞ አለቃዬንና ባልደረባዬን ሰብስቤ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሣጥን ሣልኩ። ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ። ይህን ስነግራችሁ ማንም ሥራውን እንዳያጣ ቃል ስጡኝ አልኩ። ባልደረባዬ ቅንድቡን አነሣ። አለቃዬ ግን ወንበሩን ስቦ ቀረብ አለ፤ ያ ሰው ታሪክ ከተጀመረለት መጨረሻውን ሳይሰማ አይሄድም። «ስሕተቱ የእኛ ከሆነ ቃሌ ነው» አለ። የእኛ ነው አልኩትና ስለ አባቴ ኮት ጀመርኩ።

ሲሰማ ቆይቶ «ግን ለምን የራሳቸውን አይከፍቱም? በነፃ እኮ ነው» አለ።

«ላንተ ኢሜይል ስምህ ነው፤» አልኩት፣ «ለእነሱ ደብዳቤ የሚደርስበት ቦታ ነው። ደብዳቤ ደግሞ የሚላከው ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው። ከሦስቱ ቤቶች ሰው የማይጠፋው የእሷ ጋ ነው።»

ባልደረባዬ እጁን አጣምሮ «ቢሆንም የመግቢያ ነገር አይጋሩም፤ ደንብ አለ» አለ።

«ደንቡ ፓስወርድ አትስጡ ነው የሚለው። ድሮ ሦስት በር ነበር፤ ሦስቱም ሴቶች የየራሳቸው ፓስወርድ ነበራቸው፤ አንዷ ለሌላዋ ሰጥታ አታውቅም። ፓስወርዱን ያጠፋነው እኛ ነን።»

«ኮዱስ? ኢሜይሉ ለማንም አይስጡ ይላል።»

«ይላል፣ በእንግሊዝኛ፣ ከግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል። አንድ ነገር ንገረኝ፤ እነዚያ ሁለት እናቶች ኮዱ ካልተነበበላቸው በየት በኩል ሥራቸው ይግቡ? ሌላ በር ትተንላቸዋል?»

ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ያወቅኩት ከመስታወቱ ውጪ ያሉ ሰዎች ሲዞሩ ነው። ተናድጄ ነበር። አለቃዬ ላፕቶፑን ከፍቶ የድሮውን ምዝገባ አወጣ። በአንድ ኢሜይል ሥር የሦስት ሴቶች ስም፣ የሦስት ሴቶች ስልክ፣ የሦስት ድርጅቶች ምዝገባ ነበር። በሮቹን ስናዋሕድ ሲስተሙ የመጀመሪያዋን ስም ይዞ ሁለቱን ከሥር ደብቋቸዋል። እኔ የማንንም ስም አላነሣሁም፤ ሲስተሙ ራሱ ሲያውቃቸው የኖረ ነው። አለቃዬ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«ሁለት ሰው በላን» አለ።

በዚያው ቀን ለሦስቱም ድርጅቶች ጻፈ። ጽሑፉን ከመላኩ በፊት አሳየኝ። ስሕተቱ የአገልግሎቱ ነው፣ ሠራተኞቹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ያፈረሱት ደንብ የለም ይላል። ባልደረባዬም ባለፈው ሳምንት የላከውን መልስ ራሱ አስተካክሎ ላከ፤ ለዚህ አመሰገንኩት። የእንግልውዱ ድርጅት ልጅ በማግስቱ ለእትዬ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ስለ ጌታ የተባለውንም ከፋይሉ አውጥታው እንደሆነ ለማወቅ እስካሁን እጓጓለሁ።

እትዬ ረቡዕ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ስደውልላቸው መኪናቸውን ገና ፓርክ ማድረጋቸው ነበር።

«እንዴት ሆኑ? አወቁዎት?» አልኩ።

«ስገባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። አርፍደሻል አሉኝ።» አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ። «ይህን ያህል ቀን የቀረሁት እኮ ነኝ። እሳቸው ግን ዛሬ ጠዋት ያረፈድኩ ነው የመሰላቸው። ይቅርታ መንገዱ ተጨናንቆ ነው አልኳቸው። ኦትሜሉን ጨርሰው በሉ።»

እኔም ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ።

በሩን እንደገና ሠራነው። አሁን ገጹ ኢሜይሉን ካየ በኋላ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛዋ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኢሜይል ለሚጋሩትም ኮዱ በየራሳቸው ስልክ ይሄዳል። የራሳቸው ኢሜይል እንዲኖራቸው ለሚፈልጉም መክፈቻው በአማርኛ ተጻፈ። አንድ ነገር ደግሞ በእኔ ጉትጎታ ተጨመረ። ስልክ ቢጠፋ፣ ኢሜይል ቢዘጋ መልእክቱ በማን በኩል እንዲደርስ ይፈልጋሉ የሚል አንድ ባዶ ቦታ ነው። አለቃዬ ይህችን ቃል ስለወደዳት «በኩል» ማለት ተምሯል፤ ሲጠራት ግን አንገቱን የታነቀ ይመስላል።

ቅዳሜ ቻምበርስ ሮድ፣ እትዬ ሳሎን ቁጭ ብለን ለሁለቱ እናቶች ኢሜይል ከፈትንላቸው። አንደኛዋ የራሷን አድራሻ ጮክ ብላ አነበበችና አፈረች። ትኩሳት የነበረው ልጅ ምንጣፉ ላይ በእንግሊዝኛ ለራሱ ያወራል። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ሳይማከሩ የእትዬን ኢሜይል ጻፉ። እትዬ ሸክም የቀለለላቸው መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ታዲያ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት አይደውሉልኝም ማለት ነው?» አሉ።

«በስልካቸው ይመጣላቸዋል እትዬ። እርስዎም ያርፋሉ፤ ኦትሜሉም አይቀዘቅዝም።»

«እሱስ ጥሩ ነው፣» አሉ፤ ግን ጥሩ ነው በሚል ድምፅ አልነበረም። «ብቻ ማን ታሞ ማን ደህና እንዳደረ በዚያው አውቅ ነበር።»

ስለ ማቅለል ብዙ አስቤ ነበር፤ ይህ ግን ከሐሳቤ ውጪ ነበር። ሁለቱ እናቶች ተያዩና አንዷ «እንደውላለን እትዬ፣ ያለ ቁጥርም» አለች። ከሰነበተ በኋላ ይደውሉ አይደውሉ እንደሆነ የለምን ሚኒስትር ስለሆንኩ ጠየቅኩ፤ ይደውላሉ።

የቢሮው ሰው ሁሉ አዲሱን ገጽ በራሱ ስም እንዲሞክር ሲባል እኔም ተመዘገብኩ። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እህቴ ቨርጂኒያ ናት፤ ነገር ግን የሌሊት ነርስ ስለሆነች ቀን ትተኛለች። ጓደኞቼ መልእክት ቶሎ አያዩም። ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቤት የቱ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ከዚያ ደውዬ አስፈቀድኩና የእሳቸውን ጻፍኩ።

አንድ ጠዋት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ስልኬ ተበላሽቶ በአዲስ ቀየርኩት። ኮዴ የሚላክበት ኢሜይሌም አላውቅሽም አለኝ። ቢሮ ደርሼ የገዛ እጄ ሥራ የሆነው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ባልደረባዬ በሳቅ ሊፈነዳ ነው። በመጨረሻ «በኩል» የሚለውን ነካሁ። ገና ጣቴን ሳላነሣ አዲሱ ስልኬ ጮኸ።

«ጓለይ፣ ቁጥር መጥቶልሻል። ቆይ መነጽሬን ላድርግ... ቁርስ በላሽ?»

«አልበላሁም እትዬ።»

«ድምፅሽ አስታውቋል። በይ ያዢ፤ ሰባት...»

ከኋላቸው ሽማግሌው ሲያጉረመርሙ ተሰማኝ፤ ማንኪያ ሳሕን ላይ ኳ ኳ ይላል። እትዬ ስልኩን ከአፋቸው ሳያርቁ በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» አሏቸው፤ «ልጄን ላስገባት።»